ከድንቅነሽ የሚረዝም ማነው?

ዛሬ ስለ ሰፈራችን የግድግዳ ሥዕል ላስረዳችሁ ነው።

ቅዳሜ ቅዳሜ የሰፈራችን ልጆችና ወጣቶች ተሰብስበን ከወጣት ማዕከሉ ጀርባ ያለውን አጥር እንስላለን። የሚያሳየን ሥዕል የተማረ አንድ የሰፈር ወንድማችን ነው። የምንስለው የአገራችንን የተፈጥሮ ታሪክ ነው፤ ደንቡም ሁሉም ነገር በእውነተኛ ቁመቱ ይሳላል የሚል ነው።

ይሄ ከባድ ይመስላል፣ ግን በሒሳብ ይቀላል። መጀመሪያ ደብተር ላይ 1 ሳንቲ ሜትር በ1 ሳንቲ ሜትር የሆኑ ካሬዎች አስምረን እንስላለን። ቀጥሎ ግድግዳውን አጥበን ኖራ እንቀባና 10 ሳንቲ ሜትር በ10 ሳንቲ ሜትር የሆኑ ካሬዎች እናሰምራለን። ለማስመር ግንበኞች እንደሚያደርጉት ክር በከሰል ዱቄት አሽተን፣ ሁለት ልጆች ወጥረው ሲይዙት መሀሉን ሳብ አድርገን መልቀቅ ነው። ቀጥ ያለ መስመር ይወጣል። ከዚያ በደብተሩ ካሬ ውስጥ ያለውን ወደ ግድግዳው ካሬ መገልበጥ ብቻ ነው። ሥዕል አልችልም የሚል ልጅ እንኳ ይችላል።

መጀመሪያ የሳልነው ድንቅነሽን ነው። በ1967 ዓ.ም. በኅዳር ወር አፋር ውስጥ ሐዳር የተገኘችው፣ ከ3.2 ሚሊዮን ዓመት በፊት የኖረችው ማለት ነው። ቁመቷ 1 ሜትር ከ10 ገደማ ስለሆነ 11 ካሬ ብቻ ወሰደች። ልጆች ሁሉ እየመጡ ይለካኩባታል፤ ብዙ የሁለተኛ ክፍል ልጆች ይበልጧታል! ታዲያ ሕፃን ነበረች እንዴ? አይደለችም። የመጨረሻዎቹ መንጋጋ ጥርሶቿ በቅለው ስለነበር አዋቂ እንደነበረች ታውቋል። ከጎኗ ዋልያ አለ። የዋልያዎቹን ማልያ ለብሶ ዋልያን የማያውቅ ስንቱ ነው! የወንዱ ቀንድ ከ1 ሜትር ሊበልጥ ስለሚችል ያስቸገረን እሱ ነው።

አሁን ተራው የቀይ ቀበሮ ነው። አንዲት የሰፈር እናት «የዶሮ ሌባ በደጄ አትሳሉብኝ» ብለው ነበር። ቀይ ቀበሮ ግን በብዛት የሚበላው አይጥና ፍልፈል ነው። ይህን ስንነግራቸው «እንዲህ ከሆነስ ድመት ናት በሉኛ» ብለው ሳቁና ፈቀዱ። ቀይ ቀበሮ ከኢትዮጵያ ውጪ የትም የለም፤ በዓለም ላይ የቀሩት ደግሞ ከ500 እንደማይበልጡ ይገመታል። ባሌ፣ ሰሜን ተራሮች፣ መንዝ ጓሳን የመሳሰሉ ደጋዎች ላይ ይኖራሉ። በጣም የሚጨርሳቸው ከሰው ውሾች የሚተላለፈው የእብድ ውሻ በሽታ ነው። ስለዚህ አንድ ልጅ ከቀበሮው አጠገብ የተከተበ ውሻ እንሳል አለ። መከተቡ በሥዕል እንዴት እንደሚታወቅ ግን እስካሁን አልተስማማንም፤ እኔ በበኩሌ የክትባት ካርድ አንገቱ ላይ ይንጠልጠል ባይ ነኝ።

የቀረን ባዶ ቦታ 4 ሜትር ያህል ነው። ቅዳሜ ጠዋት 3 ሰዓት ላይ መምጣት የሚፈልግ አሮጌ ብሩሽ ወይም ቤት ውስጥ የተረፈ ቀለም ይዞ ይምጣ። በተለይ ቀይና ቢጫ ቀለም አልቆብናል።