ፋይል የት ይቀመጣል?

ይህችን አጭር ጽሑፍ እንዳቀርብ ያነሣሣኝ በራሴ ስሕተት የደረሰ ጉዳት ነው። ዘንድሮ ቡድናችን ያዘጋጀውን የታሪክ ጽሑፍ ሊኑክስ በተጫነበት ኮምፒዩተር የገለበጥሁት እኔ ነበርሁ። ቅዳሜን ሙሉ ስጽፍ ውዬ፥ ፋይሉን «ቴምፕ» በሚባል ማኅደር አኖርሁት፤ የጓደኞቼንም ረቂቅ «ከእንግዲህ ምን ያደርጋል» ብዬ ጣልሁት። ሰኞ ማሽኑ ሲበራ ማኅደሩ ባዶ ነበር።

ነገሩን ስመረምረው ጥፋቱ የማሽኑ ሳይሆን የእኔ ሆኖ አገኘሁት።

ዩኒክስ የተባለውን ሥርዓት በ1969 እ.ኤ.አ. ኬን ቶምሰንና ዴኒስ ሪቺ ከባልደረቦቻቸው ጋር በአሜሪካ በቤል ላቦራቶሪ ጀመሩት። በ1991 እ.ኤ.አ. ሊኑስ ቶርቫልድስ የጀመረው ሊኑክስም ይህንኑ አሠራር ተከተለ። በዚህ ሥርዓት ማኅደሮች ሁሉ የሚበቅሉት ከአንድ ሥር ነው፤ ምልክቱም ያዘነበለ መስመር (/) ነው። ሌላ ዲስክ እንኳ ቢጨመር ለብቻው ዛፍ አይሆንም፤ በዚያው ዛፍ ላይ እንደ ቅርንጫፍ ይቀጠላል።

ቅርንጫፎቹ የየራሳቸው ሥራ አላቸው። «ቢን» ትእዛዝ የሚፈጽሙ ፕሮግራሞችን፥ «ኢቲሲ» ማሽኑ የሚመራበትን ደንብ፥ «ቫር» እንደ ዕለት መዝገብ ያሉ ተለዋዋጭ ፋይሎችን ይይዛል። «ሆም» የተጠቃሚዎች ቤት ነው፤ ለያንዳንዱ ሰው በስሙ አንድ ክፍል ይሰጠዋል። «ቴምፕ» ግን ለጊዜው ብቻ የሚፈለግ ነገር ማኖሪያ ነው፤ በብዙ ማሽኖች ኮምፒዩተሩ እንደ ገና ሲነሣ ይጠረጋል። እኔ የመንገደኛ ማረፊያውን ቤቴ አድርጌ ኖሯል!

የፋይል አድራሻ እንደ ትውልድ ቆጠራ ከአያት ወደ ልጅ ይነበባል። «/ሆም/አበበ/ታሪክ» ቢል፥ ከሥሩ ተነሥተን ወደ ሆም፥ ከሆም ወደ አበበ ክፍል ገብተን «ታሪክ»ን እናገኛለን ማለት ነው። ሁለት አበበዎች በአባታቸው ስም እንደሚለዩ፥ ሁለት «ታሪክ» የተባሉ ፋይሎችም በማኅደራቸው ይለያሉ። አንድ ነጥብ (.) ያለንበትን ማኅደር፥ ሁለት ነጥብ (..) ከላይ ያለውን ወላጁን ያመለክታል።

ጓደኞቼ አዝነውም ቢሆን እንደ ገና አብረውኝ ሠሩ፤ አዲሱ ጽሑፍ አሁን በ«ሆም» ውስጥ ነው፤ ሌላ ቅጂም በፍላሽ አለን። ከመጠምጠም መማር ይቅደም እንደሚባለው፥ ወንድሞቼና እኅቶቼ፥ ከመጻፋችሁ በፊት የምታስቀምጡበትን ስፍራ ጠይቃችሁ ዕወቁ።