ግሪኔል ወይስ ስዋርትሞር? ሁለት የቅበላ ደብዳቤ ይዛችሁ ለተቸገራችሁ

ማርች መጨረሻ ሲደርስ ኢንቦክሳችን ይሞላል። አብዛኛው «አልተቀበሉኝም» የሚል ነው። አልፎ አልፎ ግን «ሁለት ቦታ ተቀበሉኝ፣ የቱ ይሻለኛል?» የሚል ይመጣል። ደስ የሚል ጭንቀት ነው፤ ግን ያው ጭንቀት ነው። መልስ የሚሰጥበት የመጨረሻ ቀን እንደተለመደው ሜይ 1 ስለሆነ፣ ለመወሰን ያለው ጊዜ አንድ ወር ገደማ ብቻ ነው።

ዛሬ ሁለት የአሜሪካ ኮሌጆችን ጎን ለጎን እናያለን። አንዱ አይዋ ግዛት ውስጥ ያለው ግሪኔል ነው፤ ሌላው ፔንሲልቬንያ ያለው ስዋርትሞር። ሁለቱም ትንንሽ የሊበራል አርትስ ኮሌጆች ናቸው፤ እያንዳንዳቸው 1,700 ገደማ ተማሪ ነው ያላቸው። ሁለቱም የውጭ ተማሪ ሲቀበሉ የመክፈል አቅሙን ያያሉ፤ አንዴ ከተቀበሉት ግን ቤተሰቡ መክፈል የማይችለውን ለመሙላት ቃል ይገባሉ። እኛ አገር ብዙ ልጆች የሚያመለክቱባቸው ለዚህ ነው።

ሊበራል አርትስ ሲባል ስዕልና ቲያትር ብቻ የሚመስለው ሰው ብዙ ነው። አይደለም። ፊዚክስም፣ ኮምፒውተር ሳይንስም፣ ኢኮኖሚክስም አለ። ክፍሎቹ ትንንሽ ናቸው፣ ፕሮፌሰሩ በስም ያውቃችኋል፣ ሜጀር የሚመረጠውም ሁለተኛ ዓመት ላይ ነው። 11ኛ ክፍል ላይ ናቹራል ወይ ሶሻል ተብሎ ለተከፈለ ልጅ ይሄ መጀመሪያ ግር ሊል ይችላል። «ስሙን ሰምቼው የማላውቀው ኮሌጅ!» የሚል አጎት ካላችሁ ደግሞ፣ ኢንቴልን ከመሠረቱት አንዱ ሮበርት ኖይስ ግሪኔል እንደተማረ ንገሩት።

አሁን ወደ ገንዘቡ። ልጆች ብዙ ጊዜ የሚልኩልን ትልቁን ቁጥር ነው፦ «ይሄኛው በዓመት 78,000 ዶላር ሰጠኝ፣ ያኛው 75,000»። ሁለቱም ኮሌጆች ጋ የዓመቱ ጠቅላላ ወጪ ከ80,000 ዶላር በላይ ስለሆነ፣ የሚጠቅመው ቁጥር የተሰጣችሁ ሳይሆን የቀረባችሁ ነው። ለምሳሌ በአንደኛው ደብዳቤ በዓመት 2,000 ዶላር፣ በሌላው 5,500 ቢቀርባችሁ፣ ልዩነቱ በአራት ዓመት 14,000 ዶላር ይሆናል። እያንዳንዱ ኮሌጅ የቤተሰብን አቅም የሚያሰላው በራሱ መንገድ ነው፤ ስለዚህ የአንድ ቤተሰብ ወረቀት ሁለት የተለያየ መልስ ቢያመጣ አይግረማችሁ።

ደብዳቤው ውስጥ አንድ መስመር በደንብ አንብቡ፦ የካምፓስ ሥራ። እንደ ድጋፍ ተቆጥሮ፣ «2,500 ዶላር» ተብሎ ከሌላው ጋር ሊደመር ይችላል። ግን ይሄ ገንዘብ ኦገስት ላይ ስትደርሱ የሚሰጣችሁ አይደለም፤ ቤተ መጻሕፍት ወይ ካፌ ውስጥ እየሠራችሁ በየሰዓቱ የምታገኙት ደመወዝ ነው። በተማሪ ቪዛ ደግሞ ትምህርት ባለበት ጊዜ ካምፓስ ውስጥ መሥራት የሚቻለው በሳምንት እስከ 20 ሰዓት ነው። ከዚያ የጤና መድንና የአውሮፕላን ትኬት ተካቷል ወይስ አልተካተተም? ካልተጻፈ ጠይቁ።

የምንዛሪውም ነገር አለ። ከጁላይ 2024 በፊት 1,000 ዶላር በባንክ 57,000 ብር ገደማ ነበር፤ ብር በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ በሳምንታት ውስጥ ከ100,000 ብር አለፈ። የአባታችሁ ደመወዝ በአሮጌ ምንዛሪ ተሰልቶ ከሆነ፣ ኮሌጁ ቤተሰባችሁን ከእውነታው በላይ ሀብታም አድርጎ ቆጥሮታል ማለት ነው። ለፋይናንሻል ኤይድ ቢሮ አጭር ኢሜይል ጻፉ፤ የደመወዝ ደብዳቤና የባንክ የምንዛሪ ተመን አያይዙ፣ የሌላውን ኮሌጅ ደብዳቤም ጨምሩ። ይሄ ልመና አይደለም፤ ቢሮው የተቋቋመው ለእንዲህ ያለው ነገር ነው። ሁልጊዜ ይጨምራሉ ማለታችን ግን አይደለም።

ቦታው ላይ ልዩነቱ ሰፊ ነው። ግሪኔል ከ10,000 ሰው በታች የሚኖርባት፣ በበቆሎና በአኩሪ አተር እርሻ የተከበበች ከተማ ናት። ቅርቡ ትልቅ ከተማ ዲ ሞይን በመኪና አንድ ሰዓት ገደማ ይርቃል። ክረምታቸው ከዜሮ በታች 20 ዲግሪ ሊወርድ ይችላል። ስዋርትሞር ደግሞ የባቡር ጣቢያው ካምፓሱ እግር ሥር ነው፤ ፊላደልፊያ መሀል ለመግባት ግማሽ ሰዓት ገደማ ይበቃል። ዌስት ፊላደልፊያ ላይ የሐበሻ ምግብ ቤቶች አሉ፤ የኢትዮጵያውያን መናኸሪያ የሆነው የዋሽንግተን አካባቢም በአውቶቡስ የጥቂት ሰዓት መንገድ ነው።

ታዲያ ስዋርትሞር አሸነፈ? ቀስ በሉ። ሁሉም ሰው ካምፓስ ውስጥ ስለሚውል፣ ግሪኔል ዓይነት ቦታ ላይ ጓደኛ ማግኘት ሊቀል ይችላል። ባቡሩም ጊዜና ገንዘብ ይፈልጋል፤ ስዋርትሞር ደግሞ በጥናት ጫናው የሚታወቅ ኮሌጅ ነው። አክስታችሁ ሚኒያፖሊስ ካለች፣ አይዋ ከፔንሲልቬንያ ይልቅ ለቤት ይቀርባል። እውነተኛው ፈተና ዲሴምበር አጋማሽ ላይ ነው፤ ትምህርት ተዘግቶ አሜሪካዊው ተማሪ ሁሉ ቤቱ ሲሄድ፣ እናንተ የት ትሆናላችሁ? ገናም የሚውለው በዚያው እረፍት መሀል ነው። «በእረፍት ጊዜ ዶርም ክፍት ነው? ምግብስ? ተጨማሪ ያስከፍላል?» ብላችሁ ለሁለቱም ጻፉ።

ትምህርቱ ላይ፣ ግሪኔል በግዴታ የሚያስወስደው አንድ የመጀመሪያ ዓመት ኮርስ ብቻ ነው፤ ሌላውን ከአማካሪያችሁ ጋር ታወጣላችሁ። ስዋርትሞር ከሂውማኒቲስ፣ ከማኅበራዊ ሳይንስና ከተፈጥሮ ሳይንስ ሦስት ሦስት ኮርስ እንድትወስዱ ይፈልጋል። የመጀመሪያው ሴሚስተር ግን በኤ እና በቢ አይመዘገብም፤ አልፏል ወይም አላለፈም ብቻ ነው። ከሌላ የትምህርት ሥርዓት ለሚመጣ ልጅ ይሄ ትልቅ እፎይታ ነው።

ኢንጂነሪንግ የምትፈልጉ ከሆነ ግን ብዙ አትድከሙ። ስዋርትሞር የራሱ የኢንጂነሪንግ ዲግሪ አለው፤ ግሪኔል የለውም። ግሪኔል ሦስት ዓመት ተምሮ ሁለት ዓመት ሌላ ዩኒቨርሲቲ የመጨረስ አማራጭ አለው፤ ሁለተኛው ዩኒቨርሲቲ ግን ያንኑ የገንዘብ ድጋፍ ለመስጠት ግዴታ የለበትም። ሦስተኛ ዓመት ላይ ሆኖ ይህን ማወቅ ያማል።

እኛ ብንሆን፦ ለኢንጂነሪንግ ስዋርትሞር፤ ለሌላው ሜጀር ሁሉ ቀሪ ክፍያው ያነሰውን። ቀሪው ከተቀራረበ ዘመድ ወደሚቀርብበት። ቀሪውን በሁለቱም መክፈል ካልተቻለ ግን «እዛ ሄጄ እሠራዋለሁ» ብላችሁ አትሂዱ፤ በ20 ሰዓት የካምፓስ ሥራ አይሸፈንም።

ከወሰናችሁ በኋላ የመረጣችሁት ኮሌጅ አይ-20 የሚባለውን ቅጽ ይልክላችኋል። 350 ዶላር የሆነውን የሴቪስ ክፍያ በዚያ ቅጽ ላይ ባለው ቁጥር ነው የምትከፍሉት፤ ቪዛው ላይም የሚጻፈው የዚያ ኮሌጅ ስም ነው። ስለዚህ ሳትወስኑ አትክፈሉ። ላልመረጣችሁት ኮሌጅም እንደማትመጡ ከሜይ 1 በፊት አሳውቁ፤ ተጠባባቂ ዝርዝር ላይ ሆኖ ስልኩን በየአምስት ደቂቃው የሚያይ ሌላ ልጅ አለ።