ቢሮ ሲደወል ማን ያነሳል?

እራት ቀርቦ፣ እጃችንን ታጥበን ተቀምጠናል። ስልኬ ሲጮህ የስድስት ዓመቷ ልጄ ቀድማኝ አነሳችውና "ሃሎ! እማዬ እራት እየበላች ነው፤ ነገ ይደውሉ" ብላ ዘጋችው። ሁላችንም ሳቅን። በማግስቱ ግን ሳቁ ጠፋ። የደወሉት ከሐዋሳ የሚያዙን ነባር ደንበኛ ነበሩ። ቀን ሦስት ጊዜ ቢሮ ሞክረው መስመሩ ስለተያዘባቸው የእኔን ሞባይል ከሰው ተቀብለው ነው ማታ የደወሉት። መልሼ ስደውልላቸው ዕቃውን ከሌላ አስመጪ ገዝተዋል።

የምሠራው የወጥ ቤት ዕቃ አስመጥቶ በሚያከፋፍል፣ 22 ሠራተኞች ባሉት ድርጅት ውስጥ ነው። የማርኬቲንግ ሥራው የእኔ ኃላፊነት ነው። በዚያው ወር ለሬዲዮ ማስታወቂያ ብዙ ገንዘብ ከፍለን ነበር፤ በማስታወቂያው የሚነገረው ቁጥር ግን እንግዳ መቀበያው ጠረጴዛ ላይ ያለ አንድ መስመር ብቻ ነው። ከፍለን ሰው እንዲደውል እንጋብዛለን፣ ሲደውል አናነሳም። ሌሎቻችን የምንገናኘው በየግል ሞባይላችን ነው። ከዚያ ቀደም አንድ የሽያጭ ሠራተኛ ሥራ ሲለቅ ደንበኞቹ ለወራት ወደ እሱ መደወላቸውን ቀጥለው ነበር። ጥፋቱ የእሱ አልነበረም፤ ቁጥሩ የራሱ ነው።

ለሥራ አስኪያጃችን "የኢንተርኔት ስልክ እናስገባ" ስላቸው "በይ እንግዲህ አንቺው ተከታተይው" አሉኝ። የተማርኩት ቢዝነስ ነው፤ የኮምፒውተር ባለሙያ አይደለሁም። ባለፈው አንድ ዓመት ከስህተቴም ከባለሙያዎችም የተማርኩትን ግን ክሊኒክ፣ የሕፃናት ማቆያ፣ የጉዞ ወኪል ወይም የቤተሰብ ንግድ ለምትመሩ አንባቢዎች ላካፍላችሁ።

ማዞሪያው ኮምፒውተር ሲሆን

በድሮው አሠራር እያንዳንዱ የቢሮ ስልክ የራሱ ሽቦ ኖሮት ከአንድ ማዞሪያ ጋር ይገናኛል። በኢንተርኔት ስልክ ግን ድምፃችን በጥቃቅን ተቆራርጦ ኮምፒውተሮቻችን በሚጠቀሙበት ኬብል ይጓዝና ከወዲያኛው ጫፍ ተመልሶ ይገጣጠማል። ማዞሪያው ራሱ ኮምፒውተር ላይ የሚጫን ፕሮግራም ነው።

ከእነዚህ ፕሮግራሞች በጣም የታወቀው አስተሪስክ ይባላል። የጻፈው ማርክ ስፔንሰር የተባለ አሜሪካዊ ወጣት ሲሆን፣ ጊዜውም እ.ኤ.አ. 1999 ነው። አላባማ ውስጥ ትንሽ ድርጅት ሲከፍት የስልክ ማዞሪያ መግዣ ገንዘብ አልነበረውም፤ ስለዚህ የራሱን ሠራ፤ ሠርቶም ለማንም በነፃ ለቀቀው። ዛሬ ብዙ አነስተኛ ቢሮዎች የሚጠቀሙበት ከዚህ የተወለደውን ሥርዓት ነው። ፕሮግራሙ ነፃ ሲሆን የሚከፈለው ለዕቃው፣ ለመስመሩና ለባለሙያው ነው።

ዕቃውም ብዙ አይደለም፦ ማዞሪያው የሚጫንበት ኮምፒውተር ወይም ለዚሁ የተሠራች ትንሽ ሣጥን፣ የጠረጴዛ አይፒ ስልኮች፣ ራውተር፣ ስዊችና ዩፒኤስ። ከውጭው ዓለም ጋር የሚያገናኘውን መስመር ደግሞ ፈቃድ ካለው የቴሌኮም ድርጅት በውል ታገኛላችሁ።

እዚህ ላይ አንድ ማስጠንቀቂያ አለኝ። በ2004 ዓ.ም. የወጣው የቴሌኮም ማጭበርበር ወንጀል አዋጅ ቀልድ አያውቅም። ከውጭ አገር የሚመጣን ጥሪ ያለ ፈቃድ በኢንተርኔት ተቀብሎ ወደ አገር ውስጥ ቁጥር ማስተላለፍ ወንጀል ነው። "በርካሽ አስገባላችኋለሁ" የሚል ሰው ከመጣ በሩን አሳዩት። ዕቃ ስትገዙም ደረሰኝ፣ መስመር ስታስገቡም ውል በእጃችሁ ይኑር።

ከመግዛታችሁ በፊት

እኔ የጀመርኩት ከዕቃ ዋጋ ነበር። መጀመር የነበረብኝ ከወረቀትና እርሳስ ነው። ለአንድ ሳምንት ማን ደወለ፣ በስንት ሰዓት፣ ምን ፈልጎ የሚለውን እንግዳ ተቀባያችን እንድትመዘግብ አደረግን። አብዛኛው ደዋይ የሚፈልገው ሁለት ነገር ሆኖ ተገኘ፤ ዋጋና "ዕቃዬ የት ደረሰ?"። የጠራው ስልክ በሽያጭ ክፍል ካልተነሳ ወደ ማን እንደሚያልፍ የወሰነልን ይህ ወረቀት ነው።

ቀጥሎ ኢንተርኔታችሁን ለኩ። በተለመደው የድምፅ ጥራት አንድ ጥሪ በሰከንድ ወደ 100 ኪሎቢት ይወስዳል፤ በመላክም በመቀበልም። አሥር ሰው በአንድ ጊዜ ቢያወራ አንድ ሜጋቢት ገደማ ነው። ይህ ብዙ አይደለም። ችግር የሚመጣው ኢንተርኔቱ ሲቆራረጥ ነው። ፊልም ለጥቂት ሰከንድ ቢቆም ትዕግሥት ይኖረናል፤ የሰው ንግግር ለግማሽ ሰከንድ ከዘገየ ግን ሁለቱም እኩል ያወራሉ፣ ሁለቱም እኩል ዝም ይላሉ።

ሦስተኛው የመብራት ጉዳይ ነው። እኛን ያዳነን ባለሙያው የመከረን ስዊች ነው፤ ኢንተርኔቱንም ኤሌክትሪኩንም በአንድ ኬብል ለስልኮቹ የሚያደርስ ዓይነት። በየጠረጴዛው ዩፒኤስ ከመደርደር ስዊቹን፣ ራውተሩንና ማዞሪያውን በአንድ ጥሩ ዩፒኤስ ላይ ሰክተን፣ መብራት ሲጠፋ ኮምፒውተሩ ቢጠፋም ስልኩ ይጠራል። የኢንተርኔት አቅራቢው መሣሪያም በዚያው ላይ መሰካት አለበት። እኛ እሱን ረስተን በመጀመሪያው መብራት መጥፋት አፍረናል።

ሦስቱ ስህተቶቼ

የመጀመሪያው የማርኬቲንግ ሰው ስህተት ነው። ደዋዩን የሚቀበለውን ድምፅ ስናስቀርጽ ሙዚቃ፣ የድርጅቱን ታሪክና የምርቶቹን ዝርዝር ጨመርኩበት፤ አንድ ደቂቃ ተኩል ሆነ። ከዚያ እናቴን "ቢሮ ደውለሽ የድስት ዋጋ ጠይቂልኝ" አልኳት። ሁለት ጊዜ ሞክራ ወደ ሞባይሌ ደወለች። "ልጄ፣ ያቺ ሴትዮ ታወራለች እንጂ አትሰማም" አለችኝ። በማግስቱ ቀረጻውን ወደ 15 ሰከንድ አወረድነው። አሁን ቋንቋ ያስመርጥና ሦስት ምርጫ ብቻ ይሰጣል፤ ምንም ላልነካ ሰው ደግሞ በቀጥታ ለእንግዳ ተቀባይዋ ይጠራል።

ሁለተኛው፣ ድምፅ መቆራረጥ ጀመረ። ለሁለት ሳምንት አቅራቢውንም ባለሙያውንም ወቀስኩ። ባለሙያው መዝገቡን አገላብጦ "ችግሩ ሁልጊዜ ማክሰኞና ሐሙስ ከሰዓት ነው፤ በዚያ ሰዓት ምን ትሠራላችሁ?" ብሎ ጠየቀ። ማክሰኞና ሐሙስ ከሰዓት የማስታወቂያ ቪዲዮ ኢንተርኔት ላይ የምጭንበት ሰዓት ነው። መስመሩን የማጨናንቀው እኔው ነበርኩ። ራውተሩ ላይ ለስልክ ቅድሚያ እንዲሰጥ ተደረገና ነገሩ በዚያው አበቃ።

ሦስተኛው አያስቅም። ስልኮቹን ስናስገባ ለማስታወስ እንዲቀል የ105 ስልክ የይለፍ ቃል 105 እንዲሆን ተስማማሁ። የፋሲካ በዓል አልፎ ቢሮ ስንገባ ከዚያ ቁጥር በሌሊት ሰምተናቸው ወደማናውቅ አገሮች በደርዘን የሚቆጠር ጥሪ ተደርጓል። በቢሮው ማንም አልነበረም። ለካ በኢንተርኔት ላይ ቀን ከሌት የተከፈተ ማዞሪያ የሚያስሱ ወንበዴዎች አሉ፤ የሚወዱትም ሰው የሌለበትን የበዓል ቀን ነው። ወደ ውድ ቁጥሮች እያስደወሉ ከሒሳቡ ላይ ይካፈላሉ። መስመራችን ወርሃዊ ጣሪያ ስለነበረው ጉዳቱ እዚያ ላይ ቆመ። ሥራ አስኪያጄ ፊት ቆሜ "የይለፍ ቃሉን የፈቀድኩት እኔ ነኝ" ያልኩበትን ጠዋት ግን አልረሳውም።

ከተተከለ በኋላ

ስልኩን መትከል የአንድ ሳምንት ሥራ ነው፤ መንከባከቡ ግን አያልቅም። ግድግዳችን ላይ የለጠፍነው ዝርዝር ይህ ነው፦

• በየሳምንቱ ሰኞ ያልተነሱ ጥሪዎችን መዝገብ ማየትና ለደዋዮቹ መልሶ መደወል።

• በየወሩ ከውጭ በሞባይል ደውሎ ሁሉንም ምርጫዎች መሞከር፤ በበዓል ሰሞን የሥራ ሰዓቱን መልእክት መቀየር።

• በየወሩ የማዞሪያውን ቅጂ ወስዶ ከቢሮ ውጭ ማስቀመጥ።

• በየሦስት ወሩ መብራቱን ሆን ብሎ አጥፍቶ ዩፒኤሱ ስንት ደቂቃ እንደሚቆይ መለካት።

• ፕሮግራሙን ማደስ፤ ረጅም የይለፍ ቃል መጠቀም፤ ወደ ውጭ አገር መደወል ለሚያስፈልገው ሰው ብቻ መፍቀድ፤ ማዞሪያው በቀጥታ ለውጭው ኢንተርኔት እንዳይጋለጥ ማድረግ።

• ሠራተኛ ሲለቅ በዚያው ቀን የውስጥ ቁጥሩን ለተተኪው ማዞር።

የመጨረሻው ነጥብ ቀላል ቢመስልም ለእኛ ከሁሉ በላይ የከፈለን እሱ ነው። አሁን ደንበኛው የሚያውቀው የድርጅቱን ቁጥር ነው። እኔም የግል ስልኬን ከቢዝነስ ካርዴ ላይ አውጥቻለሁ። ከ11፡30 በኋላ የሚደውል ሰው መልእክት ይተዋል፤ ጠዋት 2፡30 ላይ ተረኛው መልሶ ይደውልለታል። ይህን መሣሪያው አልወሰነልንም። ማን በስንት ሰዓት እንደሚያነሳ ተቀምጠን የተነጋገርነው እኛ ነን፤ ማዞሪያው የሚፈጽመው የታዘዘውን ነው።

የሐዋሳው ደንበኛ ለጊዜው አልተመለሱም። በየበዓሉ እየደወልኩ እንኳን አደረሰዎ እላቸዋለሁ፤ ከቢሮው ቁጥር።

እናንተም ዕቃ ከመግዛታችሁ በፊት ነገ ጠዋት አንድ ነገር ሞክሩ። በማይታወቅ ቁጥር ወደ ራሳችሁ ቢሮ ደውሉ። ስንት ጊዜ ጠርቶ፣ ማን አንስቶ፣ ምን እንደሚላችሁ አዳምጡ።