የሞተር ሳይክል ፍሪሲዮን ከካቮ ወደ ዘይት ሲዛወር

ከጎንደር ተነሥቶ በኮሶዬ፣ በአምባ ጊዮርጊስና በዳባት በኩል 2,800 ሜትር ግድም ከፍታ ላይ ወዳለችው ደባርቅ የሚወጣ፣ ከዚያም በጣልያን ወረራ ዘመን የተቀደደውን የሊማሊሞን ጠመዝማዛ ወደ ዛሪማ የሚወርድ ሞተረኛ፣ ከመላ አካሉ አስቀድሞ የሚዝለው ግራ እጁ ነው፤ በየኩርባው ማርሽ ለመቀየር የፍሪሲዮኑን እጀታ ሲጨብጥና ሲለቅ ይውላልና። የገጠሩን ቀበሌ በሞተር የሚያዳርሱት የግብርናና የጤና ባለሙያዎች ይህን ከእኔ ይልቅ ያውቁታል።

እጀታውን ከፍሪሲዮኑ ጋር የሚያገናኘው ካቮ በሽፋኑ ውስጥ እየተፋተገ የሚመላለስ የሽቦ ጉንጉን እንደ መሆኑ፣ የበጋው አቧራና የክረምቱ ጭቃ ሲገባበት ቅባቱ ይደርቃል፤ ከእጀታው ሥርም፣ ድቡልቡል ጫፉ በሚቀመጥበት ጎድጓዳ ዘንድ፣ የሽቦው ክር አንድ በአንድ እየተበጠሰ ጣት ይወጋል። እኔም በቤቴ ደጃፍ ካቮውን አንሥቼ በዘይት ግፊት ለመተካት የተነሣሣሁት ስለዚህ ነው።

የነገሩ መሠረት በ17ኛው ምዕት ዓመት የነበረው ፈረንሳዊው ሊቅ ብሌዝ ፓስካል ያስተማረው ሕግ ነው፤ ይኸውም በተዘጋ ዕቃ ውስጥ ባለ ፈሳሽ ላይ ያረፈ ግፊት ሳይጎድል ወደ ሁሉም አቅጣጫ ይደርሳል ማለት ነው። በእጀታው ዘንድ ያለው የላይኛው ፖምፓ ፒስተን 10 ሚሊ ሜትር፣ በሞተሩ ዘንድ ያለው የታችኛው 20 ሚሊ ሜትር ስፋት ቢኖረው፣ ኃይሉ አራት እጥፍ ይሆናል፤ ነገር ግን የታችኛው ፒስተን የሚጓዘው የላይኛውን ሩብ ብቻ ነው። ስለዚህ እጄ ይቅለለው ብሎ የታችኛውን ፖምፓ ያለ ልክ ያሰፋ ሰው፣ ፍሪሲዮኑ በሙሉ ሳይለቅለት ማርሹ እየተንጫጨ ይቀራል። ፖምፓ ከመግዛት በፊት እጀታው እስከ መጨረሻው ሲጨበጥ ካቮው ከሞተሩ ላይ ያለውን ክንድ ስንት ሚሊ ሜትር እንደሚስብ በማስመሪያ መለካት ግድ ነው። የፍሪሲዮኑ ሞላዎች እነዚያው ናቸውና፣ የሚገኘው ቅለት በአብዛኛው ከፍትጊያው መወገድ የሚመጣ መሆኑም ይታወቅ።

ካቮ ይስባል፣ ተራ ፖምፓ ግን ይገፋል። ስለሆነም ወይ የሚስብ ዐይነት መፈለግ፣ ወይ ፖምፓውን ከክንዱ በተቃራኒ ወገን ማቆም ያሻል፤ የሚቆምበትም ብረት ወፍራም ይሁን፣ ብረቱ በተለመጠ ቁጥር ከፒስተኑ ጉዞ ይጎድላልና።

ከሁሉ ይልቅ ልብ ሊባል የሚገባው ከዘይት ማጠራቀሚያው ወደ ላይኛው ፖምፓ የምታወርደው፣ የመርፌ ዐይን የምታህለው ቀዳዳ ናት። እጀታው ሲለቀቅ ፒስተኑ ጨርሶ ካልተመለሰና ይህችን ቀዳዳ ከደፈናት፣ በሞተሩ ሙቀት የሰፋው ዘይት መመለሻ አጥቶ ክንዱን ይገፋል፤ ፍሪሲዮኑም ዳገቱ ላይ እየተንሸራተተ ሸራው ይቃጠላል። በእጀታውና በፒስተኑ መካከል ጥቂት ክፍተት የሚተወው ለዚህ ነው።

ዘይቱን በተመለከተ፣ ፖምፓው ለፍሬን ዘይት የተሠራ ከሆነ የማዕድን ዘይት አይጨመርበትም፤ ጎሚኒው ያብጣልና። ዶት 4 የተባለው የፍሬን ዘይት አዲስ ሳለ እስከ 230 ዲግሪ ሴልሺየስ ሳይፈላ ይታገሣል፤ ሆኖም ከአየር እርጥበት ይጠጣል፣ ቀለምም ይልጣል፤ ስለዚህ የፈሰሰው ወዲያው በውኃ ይታጠብ። አየር በባሕርዩ ወደ ላይ ስለሚወጣ፣ ዘይቱን በንጹሕ ሲሪንጅ ከታችኛው ፖምፓ ወደ ላይ መግፋት እጀታውን ሲጨብጡ ከመዋል ይሻላል።

በጎንደር ከፒያሳ ወደ ማራኪና አዘዞ ለሚመላለስ የከተማ ሰው በቅባት የታሸ ካቮ ይበቃዋል፤ ድካሙም ወጪውም የሚገባው ለደጋው መንገደኛ ነው። የሞተሩን ክንድና የካቮውን ማሰሪያ ግን አትቁረጡ፤ ጎሚኒው ሊማሊሞ ላይ ቢቀደድ የሚያደርሳችሁ የድሮው ካቮ ነውና፣ ከነእጀታው ከመፍቻዎቻችሁ ጋር ያዙት።