ጨንቻን በግማሽ ቀን ማየት አይቻልም

ከአርባ ምንጭ ወደ ጨንቻ የሚወጣው መንገድ 37 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ርቀቱ አጭር በመሆኑ ብዙ ጎብኚ ጠዋት ይወጣና ዶርዜ መንደር አንድ ግቢ ገብቶ ቆጮ ይቀምሳል፤ ሸማኔው ሲሠራ ያያል፤ ዝሆን በሚመስለው ቤት ፊት ፎቶ ይነሣና ለምሳ አርባ ምንጭ ሐይቅ ዳር ዓሣ ሊበላ ይወርዳል። ስለ ጋሞ ደጋ አዲስ አበባ ውስጥ የሚነገረው አብዛኛው ነገር ከዚህች ግማሽ ቀን የተቀዳ ነው። ለእነዚያ ተራሮች ፍቅር ያለው ሰው ይህን እየሰማ ዝም ማለት ይቸግረዋል፤ እኔንም ቸግሮኛል።

«ደቡብ ሞቃት ነው» ከሚለው ልጀምር። አርባ ምንጭ ከባሕር ወለል በላይ 1300 ሜትር አካባቢ ላይ ናት፤ ጨንቻ ግን ከ2700 ሜትር ትበልጣለች። ከፍታ በ1000 ሜትር በጨመረ ቁጥር ሙቀቱ በአማካይ ከ6 ዲግሪ በላይ ስለሚቀንስ፣ ታች ላቡን ሲጠርግ የነበረ ሰው ላይ ሲደርስ ጋቢ ያምረዋል። ጉም ከቀትር በኋላ ድንገት ይወርድና አምስት እርምጃ ፊት ያለውን አጥር ይሸፍናል። ጨንቻ በአፕሏ የታወቀችውም በዚሁ ብርድ ምክንያት ነው፤ ሚሲዮናውያን ያመጡት ይህ ዛፍ ቀዝቃዛ ወቅት ካላገኘ በደንብ አያብብም። ከተማዋ የጋሞ ጎፋ ጠቅላይ ግዛት ዋና ከተማ በነበረችበት ዘመን፣ የወባው ቆላ ታች ሆኖ አስተዳዳሪዎቹ ከላይ መቀመጣቸው የሚያስገርም አይደለም።

ከዚሁ ጋር የሚሄድ ሌላ ስሕተት አለ፤ «መስቀል ካለፈ ዝናብ የለም» የሚለው። ይህ ለሰሜንና ለመካከለኛው ደጋ ይሠራ ይሆናል። በጋሞ ግን ዝናቡ ሁለት ጊዜ ይበረታል፤ አንዱ በበልግ፣ ሌላው በመስከረምና በጥቅምት አካባቢ ነው። ቀይ አፈሩ ሲረጥብ ስለሚያንሸራትት፣ ሶሉ ያለቀ ጫማ አድርጎ ቁልቁለት መውረድ አደገኛ ነው።

ይበልጥ የሚያሳዝነኝ ግን ስለ እንሰት የሚባለው ነው። በመጀመሪያ፣ ብዙ ሰው ሙዝ ይመስለዋል። መንገዱ ራሱ ያሳስታል፤ ታች አርባ ምንጭ ዙሪያ የሚታየው እውነተኛ የሙዝ እርሻ ነው፣ ሽቅብ ሲኬድ ደግሞ ሙዙ እየቀረ በየቤቱ ጓሮ እንሰት ይተካዋል። ሁለቱ ዘመዳሞች ናቸው እንጂ አንድ አይደሉም። የእንሰት ፍሬ አይበላም፤ የሚበላው ከሥሩ የሚያብጠው ክፍልና ግንድ የሚመስለው የቅጠል ጥቅል ነው። አንዱ ተክል ለምግብ እስኪደርስ በርካታ ዓመታት ይፈጃል፤ ስለዚህ ጓሮው ውስጥ ሕፃኑም፣ ወጣቱም፣ የደረሰውም ጎን ለጎን ቆመው ይታያሉ። ይህን ቅጠል አላውቀውም የሚል የሰሜን ሰው ካለ፣ በዓል ሲመጣ ድፎ ዳቦ የሚጋገርበትን ኮባ ያስታውስ። ያው እንሰት ነው። ስኮትላንዳዊው ተጓዥ ጄምስ ብሩስ በ18ኛው ክፍለ ዘመን በጣና አካባቢ አይቶት በመጽሐፉ በሥዕል አስፍሮታል።

ሁለተኛው ሐሜት ከእንሰት በሚሠራው ቆጮ ላይ ነው፤ «ቆጮ የችግር ቀን ምግብ ነው፤ አፈር ውስጥ የበሰበሰ ነገር ነው» ይባላል። የሚሠራበትን መንገድ ያየ ሰው ይህን አይልም። የደረሰው እንሰት ይቆረጥና ሴቶች ግንዱን ሳንቃ ላይ አጋድመው ይፍቁታል፤ ከሥሩ ያበጠው ክፍል ይከተከታል፤ ከሚጨመቀው ውኃ ሥር የሚዘቅጠው ነጭ ዱቄት ቡላ ይሆናል፤ ቀሪው ጭረት ደግሞ ለገመድና ለከረጢት የሚሆን ቃጫ ነው። የተፋቀው በቅጠል ተጠቅልሎ ጉድጓድ ውስጥ ይቀበርና ለሳምንታት ወይም ለወራት ይብላላል። ያ ሽታ የመብላላት ሽታ ነው፤ እንጀራችንም ሳይቦካና ሳይኮመጥጥ እንጀራ አይሆንም። ሥራው ጉልበትና ትዕግሥት ይጠይቃል፤ ከመፋቅ እስከ መጋገር ባብዛኛው የሴቶች ነው። ጎብኚው የሚያየው የመጨረሻዎቹን አሥር ደቂቃዎች፣ ቆጮው በቅጠል ተጠፍጥፎ ምጣድ ላይ ሲጋገር ብቻ ነው።

«የችግር ቀን» የሚለው ስድብ ውስጥ ግን አንድ እውነት ተገልብጦ ተቀምጧል። እንሰት ዝናብ ሲዘገይ እንደ በቆሎ ቶሎ አይከስምም፤ አንድ ወቅት ብቻ ጠብቆ የሚታጨድም አይደለም፤ የተቀበረውም ሳይበላሽ ረጅም ጊዜ ይቆያል። ደጋው ያን ያህል ሕዝብ በጠባብ መሬት ላይ አኑሮ የቆየው በአብዛኛው በዚህ ተክል ነው። የችግር ጊዜ መከታ መሆኑን የድህነት ምልክት ማድረግ ግፍ ነው። ደግሞም ውዳሴ አላበዛም፤ ቆጮ ኃይል ሰጪ ምግብ ነው፣ ፕሮቲኑ አነስተኛ ነው። የአገሬው ሰውም ይህን በልምድ ስለሚያውቅ ከጎመን፣ ከወተት፣ ከአይብና ሲገኝም ከሥጋ ጋር ይበላዋል። ለእንግዳ ትኩሱ ቆጮ ከማርና ከዳጣ ጋር ይቀርባል። ዳጣውን በሰው አገር ጉራ በትልቁ የሚያነሣ ይቃጠላል፤ ሚጥሚጣ የለመደ ምላስ እንኳ የነጭ ሽንኩርቱንና የዝንጅብሉን ኃይል አይጠብቅም።

ዝሆን የሚመስለውን ቤት በተመለከተ «ለቱሪስት የተሠራ ነው» የሚሉ አሉ። አይደለም። ከቀርከሃ ተጠልፎ የሚሠራው የዶርዜ ቤት የሰው መኖሪያ ነው፤ ከብቱም በአንድ ጎኑ ያድራል፤ ከምድጃው የሚወጣው ጭስ ሣሩንና ቀርከሃውን ከነፍሳት ይጠብቃል። አዲስ ሲሆን እስከ 12 ሜትር ይረዝማል። ምስጥና እርጥበት እግሩን ሲበሉት ግርጌው እየተቆረጠ ቁመቱ ይቀንሳል፤ ስለዚህ አጭር ቤት ያየ ሰው ያረጀ ቤት አየ ማለት ነው። ሲያስፈልግም ጎረቤት ተሰብስቦ ተሸክሞ ወደ ሌላ ቦታ ያዛውረዋል።

«ጋሞ ማለት ዶርዜ፣ ዶርዜ ማለት ሸማኔ» የሚባለውም አይሆንም። ዶርዜ ከ40 ከሚበልጡት የጋሞ ደሬዎች (ማኅበረሰቦች) አንዱ ብቻ ነው። የአዲስ አበባውን የሽሮ ሜዳ ገበያ ያቆመው የሽመና ሙያ ትልቅ ቢሆንም አገሩ ገብስና እንሰት አራሽም ነው።

የእግር ጉዞን የፈረንጅ መዝናኛ አድርጎ ማየትም የተለመደ ነው። ደጋውን ሁሉ የሸመኑት የእግር መንገዶች ግን ለጎብኚ አልተቀደዱም፤ ገበያተኛ የሚሄድባቸው ናቸው። የዶርዜ ገበያ ሰኞና ሐሙስ፣ የጨንቻ ደግሞ ማክሰኞና ቅዳሜ ይቆማል፤ በእነዚህ ቀናት ማለዳ ቀርከሃ፣ ቅቤና ጥጥ ከተሸከሙት ጋር መሄድ ከማንኛውም የተዘጋጀ ጉዞ ይሻላል። ሽቅብ ለመውጣት ለሚሻ፣ ከ4000 ሜትር በላይ የሚደርሰው የጉጌ ተራራ አለ፤ ዞር ሲሉ ደግሞ የአባያና የጫሞ ሐይቆች በመሐላቸው ካለው የእግዜር ድልድይ ጋር ወለል ብለው ይታያሉ። ወደ ጉጌ ያለ አገሬው መሪ መሄድ ግን አልመክርም፤ ጉሙ መንገድ ያጠፋል።

መሪ የሚያስፈልግበት ሌላም ምክንያት አለ። እርሻው መሐል ደሴት መስሎ የቀረ ጥቅጥቅ ያለ ደን ያየ መንገደኛ «ባለቤት የሌለው ጥላ ነው» ብሎ ሊያርፍበት ይሄዳል። ብዙዎቹ ግን የተከበሩ ቦታዎች ናቸው፤ ዛፍ አይቆረጥባቸውም፣ ሳይጠይቁም አይገባባቸውም። አገር በቀል ዛፎች የቀሩትም በዚህ ክልከላ ነው። ጉባኤ የሚቀመጥበት ዱቡሻም እንዲሁ ለዓይን ባዶ ሜዳ ይመስላል። የዚያ ሥርዓት ጉልበት ምን ያህል እንደሆነ በ2018 እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር አይተናል፤ በቡራዩ በጋሞ ተወላጆች ላይ ከደረሰው ጥቃት በኋላ በአርባ ምንጭ ለበቀል የተነሡትን ወጣቶች የጋሞ አባቶች እርጥብ ሣር ይዘው ተንበርክከው መለሷቸው። ሣር የያዘ ሽማግሌ ፊት አልፎ መሄድ ነውር ነው።

ስለዚህ ቢያንስ አንድ ሌሊት ጨንቻ ወይም ዶርዜ ማደር ይገባል፤ ለመሪውም ለቆጮ ጋጋሪዋም ተገቢውን ዋጋ አስቀድሞ ተነጋግሮ መክፈል፤ ፎቶ ከማንሣት በፊት መጠየቅ። በመስቀል ሰሞን መሄድ የሚፈልግ ደግሞ ማደሪያውን ቀድሞ ይያዝ፤ አዲስ አበባ ያሉት ሸማኔዎች ለበዓሉ ወደየቤታቸው ስለሚመለሱ መኪናውም አልጋውም ይሞላል።