ለሠራተኞች በውል የተገኘ የትምህርት ሰዓት

የሠራተኞች ማኅበር ከአሠሪ ጋር የሚዋዋለው ስለ ደመወዝ ብቻ የሚመስላቸው ብዙዎች ናቸው። ይሁን እንጂ የኢጣልያ የብረታ ብረት ሠራተኞች ማኅበራት እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1973 ዓ.ም. በተፈራረሙት የኅብረት ውል፥ ሠራተኛው በ3 ዓመት ውስጥ ደመወዙ ሳይቀነስበት 150 ሰዓት እንዲማር መብት አገኘ። በምትኩም ያንኑ ያህል ሰዓት ከራሱ ጊዜ እንዲጨምር ግዴታ ገባ። የፋብሪካውም ሥራ እንዳይታጎል፥ በአንድ ጊዜ ለትምህርት የሚሄዱት ከ100 ሠራተኞች 2 ብቻ እንዲሆኑ ተወሰነ። በዚህም መብት ብዙዎች በልጅነታቸው ያቋረጡትን የመለስተኛ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ፈጽመው የምስክር ወረቀት ተቀበሉ።

ፋብሪካ ሲዘጋ ደመወዝ ይቀራል፤ ትምህርት ግን ከባለቤቱ አይለይም። ስለዚህ ማኅበርና አሠሪ ሲዋዋሉ የትምህርቱን ሰዓት፥ የወጪውን ከፋይና የተራውን አጠባበቅ ለይተው መጻፍ ይገባቸዋል።