አንብበህ ጻፍ፦ የልጅ ልጄ ሬዲዮና የገመዱ ነገር

ባለፈው ክረምት የልጅ ልጄ ለእረፍት ከአዲስ አበባ ወደ እኔ ዘንድ ወደ መካነ ኢየሱስ መጣ። አምስት ኪሎ የኤሌክትሪክ ምህንድስና ተማሪ ነው። አቦሉ ተጠጥቶ ቶናው እንደተቀዳ ጠጋ አለና «እማማ፣ የገመድ መግዣ ትሰጪኛለሽ?» አለኝ።

«የምን ገመድ? የስልክህ ቻርጀር ተበላሸ?»

«አይ፣ የሬዲዮ ፕሮግራም ማድረጊያ ነው። አንድ ገዝቼ ነበር፤ አልሠራልኝም።»

ገንዘቡ ብዙ አልነበረም። ነገር ግን ሬዲዮ ሲባል የእኔ ጆሮ ቀጥ ይላል፤ ምክንያቱን ወደ በኋላ እነግራችኋለሁ። ስለዚህ «ገንዘቡን ከመስጠቴ በፊት ነገሩን አስረዳኝ» አልኩት። ሦስት ቀን ሙሉ አስረዳኝ። ልጆቻችሁ ወይም የልጅ ልጆቻችሁ እንዲህ ያለ ጥያቄ ይዘው ሲመጡ ግራ እንዳትጋቡ፣ የገባኝን ለእናንተም ላካፍላችሁ።

አማተር ሬዲዮ የምንለው ዜናና ዘፈን የምንሰማበት ሬዲዮ አይደለም። ሰዎች ለትምህርትና ለፍቅሩ ብለው፣ ገንዘብ ሳያገኙበት፣ በሞገድ እርስ በርስ የሚነጋገሩበት ነው። እያንዳንዱ ጣቢያ እንደ መኪና ሰሌዳ ያለ የራሱ መለያ አለው። የኢትዮጵያ መለያ «ኢቲ» ብሎ ይጀምራል። በአዲስ አበባ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት፣ እዚያው አምስት ኪሎ ግቢ፣ የኢትዮጵያ አማተር ሬዲዮ ማኅበር የክለብ ጣቢያ አለ፤ መለያው ኢቲ3ኤኤ ይባላል። የእኔው ልጅም ልቡ የተነካው እዚያ ነው።

«ስልክ በየኪሱ ባለበት ዘመን ይሄ ምን ይሠራል?» ብዬ ጠይቄው ነበር። እ.ኤ.አ. በዲሴምበር 2004 የሕንድ ውቅያኖስ ሱናሚ በደረሰ ጊዜ የሆነውን ነገረኝ። በአንዳማን ደሴቶች ስልክ ሲቋረጥ፣ ለሌላ ጉዳይ እዚያ የነበሩ አማተር ሬዲዮኞች የሰዎችን መልእክት ወደ ዋናው ምድር ሲያስተላልፉ ሰነበቱ። እ.ኤ.አ. በ2015 ኔፓል በመሬት መንቀጥቀጥ ስትመታም እንዲሁ ረድተዋል። ይህን ስሰማ የልጅ ጨዋታ አለመሆኑ ገባኝ።

ወደ ገመዱ ከመሄዳችን በፊት ግን ለወላጅ ከሁሉ የሚበልጠውን ላስቀድም፤ ፈቃድ። ሬዲዮ እንደ ስልክ ከሱቅ ገዝተው የሚያበሩት ዕቃ አይደለም። ሞገድ የሕዝብ ሀብት ነው። በአገራችን የሚያስተዳድረው በአዋጅ ቁጥር 1148/2011 የተቋቋመው የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ነው። ያለ ፈቃድ ማሰራጨት ያስጠይቃል፤ መሣሪያውን ከውጭ ማስገባትም ፈቃድ ይፈልጋል።

ይህን የምለው በምክንያት ነው። አሜሪካ ያለው አጎቱ ነገሩን ሰምቶ «ስመጣ ሁለት የእጅ ሬዲዮ ይዤለት እመጣለሁ፤ እዚህ እኮ ርካሽ ነው» አለ። እኔ በስልክ «አደራ፣ እንዳታደርገው!» አልኩት። እሱ ባለበት አገር እንደ ልብ የሚሸጥ ዕቃ እኛ ዘንድ ጉምሩክ ላይ ይያዛል፤ አልፎ ቢገባ ደግሞ ልጁ ላይ ሌላ ጣጣ ያመጣል። በዚህ ጊዜ በኪሱ ሬዲዮ ይዞ የሚንቀሳቀስን ወጣት ማን ምን ብሎ ይጠረጥረዋል? በፍቅር የተሰጠ ስጦታ መዘዝ እንዳይሆን፣ ውጭ አገር ዘመድ ያላችሁ ይህን ንገሯቸው። ልጁ መማር ከፈለገ ፈቃድ ባላቸው ሰዎች ሥር፣ በእነሱው መሣሪያ ይማር። የእኔውም የሚለማመደው ፈቃድ ባለው ታላቁ ሬዲዮ ነው፤ ገመዱን ብቻ ነው የሚገዛው።

አሁን ወደ ገመዱ እንምጣ። የዛሬ የእጅ ሬዲዮ ትንሽ ኮምፒውተር ማለት ነው። በዓለም ላይ በርካሽነቱ የታወቀው ባኦፌንግ ዩቪ-5አር እንኳን 128 ቻናል በሆዱ ይይዛል። ያን ሁሉ በትንንሾቹ ቁልፎች አንድ በአንድ ማስገባት ጣት ያደክማል፤ ስሕተትም ይበዛዋል። ስለዚህ ሬዲዮውን ከኮምፒውተር ጋር አገናኝተው እንደ ሠንጠረዥ ይሞሉታል። አገናኙ ገመድ ነው፤ ሠንጠረዡን የሚከፍተው ደግሞ ሶፍትዌር።

ገመዱ ከውጭ ሲታይ ተራ ሽቦ ይመስላል። ነገር ግን በዩኤስቢው ጫፍ ውስጥ አንዲት ቺፕ አለች። እሷ አስተርጓሚ ናት፤ ኮምፒውተሩ የሚናገረውን ለሬዲዮው፣ ሬዲዮው የሚመልሰውን ለኮምፒውተሩ ትተረጉማለች። የገመድ መልካምነትና ክፋት የሚለየው በዚች ቺፕ ነው። ኤፍቲዲአይ የሚባለው ኩባንያ ቺፕ ያለበት ገመድ ዋጋው ከፍ ይላል፤ ነገር ግን ብዙ ጊዜ እንደሰኩት ይሠራል። ሲኤች340 እና ሲፒ2102 የሚባሉት ቺፖች ያሉባቸው ረከስ ይላሉ፤ ለተራ ሥራ ይበቃሉ። ችግር የሚበዛው ፕሮሊፊክ የተባለው ቺፕ ተመስሎ በተሠራባቸው ርካሽ ገመዶች ላይ ነው። እውነተኛው ፕሮሊፊክ ደህና ነው። አስመሳዩ ግን ከአዲሱ ድራይቨር ጋር ሲገናኝ ዊንዶውስ ቢጫ ምልክት ያወጣና «ኮድ 10» ብሎ ይቆማል። የልጅ ልጄ የመጀመሪያ ገመድ እንዲህ ነበር የሆነችው።

እኔ ይህን ስሰማ አስመስሎ የተሠራ መድኃኒት ትዝ አለኝ። ካርቶኑ አንድ ዓይነት፣ ጽሑፉ አንድ ዓይነት፣ ውስጡ ግን ሌላ። አስመሳይ ዕቃ ሌላም አደጋ አለበት። እ.ኤ.አ. በ2014 ኤፍቲዲአይ የለቀቀው ድራይቨር የእሱን ቺፕ አስመስለው የተሠሩትን ከጥቅም ውጭ እያደረገ ብዙ ሰው አስቆጥቶ ነበር። የተጎዳው አስመሳዩን የሠራው ሳይሆን ሳያውቅ የገዛው ሰው ነው።

እንግዲህ ስትገዙለት ሻጩን «ቺፑ ምንድን ነው?» ብሎ ይጠይቅ፤ መልስ ከሌለው ይለፈው። ቢቻል ኮምፒውተሩን ይዞ ሄዶ እዚያው ይሞክር። ገመዱ ሲሰካ ኮምፒውተሩ ያለ ቢጫ ምልክት «ኮም» ከሚል ቃል ጋር ቁጥር ካወጣለት ቺፕዋ ታውቃለች ማለት ነው፤ ያንን ቁጥር ሶፍትዌሩ ሲጠይቀው ይሰጠዋል።

ሌላው የሬዲዮው ጫፍ ነው። ባኦፌንግና ብዙ የቻይና ሬዲዮዎች የኬንዉድን ባለ ሁለት እግር መሰኪያ ይጠቀማሉ፤ አንዱ ወፍራም፣ አንዱ ቀጭን። አይኮምና ያኤሱ የየራሳቸው አላቸው፤ የአንዱ ለሌላው አይሆንም። ስለዚህ የሬዲዮውን ሞዴል በወረቀት ጽፎ ይሂድ። በአዳዲሶቹ ላይ ያለችው የስልክ ዓይነት ቀዳዳ ደግሞ በብዙዎቹ ለቻርጅ ብቻ ናት፤ ገጥማ ስላያት አይታለል። መሰኪያው እስከ መጨረሻው ካልገባ ሬዲዮው አይመልስም። ብዙ ሰው «ገመዱ ተበላሽቷል» ብሎ የሚጥለው ጫን አድርጎ ስላልሰካው ብቻ ነው።

ወደ ሶፍትዌሩ ስንመጣ ሦስት መንገድ አለ። አንደኛው ቺርፕ ይባላል፤ በነፃ ይገኛል። እ.ኤ.አ. በ2008 የተጀመረና በበጎ ፈቃደኞች የሚሠራ ነው። የብዙ ኩባንያዎችን ሬዲዮ ያውቃል፤ በዊንዶውስም፣ በማክም፣ በሊኑክስም ይሠራል። ለጀማሪ ይህ ይበቃዋል። ሁለተኛው የሬዲዮው አምራች ራሱ የሚያወጣው ነው፤ ቺርፕ ለማያውቃቸው፣ በተለይ ለብዙዎቹ ዲጂታል ሬዲዮዎች ያስፈልጋል። ሦስተኛው እንደ አርቲ ሲስተምስ ያሉ ኩባንያዎች ለየሞዴሉ ከገመዱ ጋር የሚሸጡት ነው፤ ምቹ ነው፣ ግን በውጭ ምንዛሬ ነው፤ ለተማሪ አልመክርም። የትኛውንም ቢመርጥ ከባለቤቱ ገጽ ያውርድ። ከሰው ፍላሽ የተገለበጠ ሶፍትዌር ከቫይረስ ጋር ይመጣል።

አሁን ጆሮዬ ቀጥ የሚልበትን ምክንያት ልንገራችሁ።

በሥራ ዘመኔ ከዋናው መንገድ ርቆ በሚገኝ አንድ ጤና ጣቢያ ነርስ ሆኜ አገልግያለሁ። ስልክ አልነበረም። አንድ የእርዳታ ድርጅት ያስተከለልን የረጅም ርቀት ሬዲዮ ነበር። ጠዋትና ማታ በተወሰነ ሰዓት እንከፍታለን፤ ከባድ ሕመምተኛ ሲመጣ በእሱ መኪና እንጠራለን። የእጅ ሬዲዮ እንደ ጉና ያለ ተራራ ከፊቱ ከቆመ አያልፍም፤ ያኛው ግን ሞገዱ ወደ ሰማይ ወጥቶ ስለሚመለስ ተራራ አያግደውም። ለእኛ ዓይናችን ነበር።

አንድ ቀን ባለሙያ መጣ፤ ሁለት አዲስ ቻናል ሊጨምርልን። ላፕቶፑን ከሬዲዮው ጋር በገመድ አያያዘና ሌላ ቦታ ያዘጋጀውን ፋይል ጫነበት። አሥር ደቂቃም አልፈጀበት። ሻይ ጠጥቶ፣ አመስግነነው ሄደ። ማታ ሬዲዮውን ስንከፍት የእኛ ቻናል የለም። የሌላ አካባቢ ቻናሎች ሞልተውታል። የቀድሞውን አንብቦ አላስቀመጠም ነበርና የሚመልሰው ነገር አልነበረም። ባለሙያው ተፈልጎ እስኪመለስ ዘጠኝ ቀን ሆነ።

በአምስተኛው ቀን ምጥ የጠናባት እናት በቃሬዛ መጣች። ሕፃኑ አገዳደም መጥቷል፤ ከእኛ አቅም በላይ ነው። ሬዲዮውን ሦስት ጊዜ ሞከርኩት፤ እንደማይሠራ እያወቅኩ። ያመጧት ሰዎች ደክመው ተቀምጠው ነበር፤ እንደገና ተነሥተው ተሸከሟት። እኔ ግሉኮሱን ከፍ አድርጌ ይዤ ከጎኗ ሄድኩ። ዋናው መንገድ ላይ እህል የጫነ መኪና አገኘን። እናቲቱ ተረፈች። ሕፃኑ አልተረፈም። በጊዜ መኪና ቢመጣ ይተርፍ ነበር ብዬ አልምልም፤ ግን እስከ ዛሬ አልረሳሁትም።

ባለሙያው ክፉ ሰው አልነበረም፤ ቸኩሎ ነው። እኛስ የበሽተኛ ካርድ ሳናነብ መርፌ ብንወጋ ምን ይባላል? ይህን ስነግረው የልጅ ልጄ ዝም ብሎ ቆየና «እማማ፣ እኛም የተማርነው የመጀመሪያ ነገር እሱ ነው፤ ሳታነብ አትጻፍ» አለኝ። እንግዲህ ቅደም ተከተሉ እንደነገረኝ ይህ ነው።

ሬዲዮው ሳይበራ ገመዱ ይሰካል፤ ከዚያ ይበራል፣ ድምፁ ከፍ ይላል። በሶፍትዌሩ ትክክለኛው ሞዴል ይመረጣል። መጀመሪያ ከሬዲዮው ያለው ሁሉ ይነበባል። የተነበበው ቀን ተጽፎበት እንደ መጀመሪያ ቅጂ ይቀመጣል፤ ይህ ቅጂ ፈጽሞ አይነካም። ለውጥ የሚደረገው በሌላ ቅጂ ላይ ነው። ጥቂት ቻናል ተለውጦ ይጻፋል፤ ተሞክሮ ሲሠራ ወደ ቀጣዩ ይታለፋል። የአንድ ሬዲዮ ፋይል እንዳለ በሌላ ሞዴል ላይ አይጫንም። ሲነበብና ሲጻፍ ደግሞ ገመዱ አይነካም፤ ባትሪውም ሙሉ ይሁን።

አንድ ነገር ልጨምር። እኛ ባለንበት የዓለም ክፍል ለአማተር ከተመደቡት ሞገዶች አንዱ ከ144 እስከ 146 ሜጋኸርትዝ ያለው ነው። ርካሾቹ ሬዲዮዎች ግን ከዚህ በጣም ሰፍተው ያሰራጫሉ፤ ዩቪ-5አር ከ136 እስከ 174 ይደርሳል። በዚያ መካከል የሌሎች አገልግሎቶች ሞገድ አለ። አንዲት ቁጥር ብትሳሳት ልጃችሁ ሳያውቅ የማይገባበት ቤት ገብቶ ይናገራል፤ ምናልባትም የአንዱን ጤና ጣቢያ ጥሪ ይሸፍናል። ስለዚህ የተጻፈውን ቁጥር ፈቃድ ያለው ሌላ ሰው አብሮ ይየው። እኛም አደገኛ መድኃኒት ስንሰጥ ለሁለት ነበር የምናነበው።

ገንዘቡን ሰጠሁት። ቃል ግን አስገብቼዋለሁ፤ የራሱን ፈቃድ ሳያገኝ የራሱን ሬዲዮ ላይገዛ። ወደ አዲስ አበባ ተመልሶ ሁለተኛውን ገመድ ሲገዛ ቺፑን ጠይቆ፣ ሱቁ ውስጥ ሞክሮ ነው የወሰደው። በዚያው ማታ ደወለልኝ።

«እማማ፣ ሠራ!»

«የመጀመሪያውን ቅጂ አስቀመጥክ?»

«ሁለት ቦታ አስቀምጫለሁ።»

«እንግዲያው አሁን ጻፍ» አልኩት።